ሕዝቅኤል 33፥6 በአንቺ ላይ የተፈረደ ፍርድ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ "የልጅነት ጓደኛዬ በድንገት አረፈች። ከእምነት ርቃ ነበር። ብዙ ጊዜ ላናግራት አስቤ፣ እንዳትቀየመኝ ፈርቼ፣ ዛሬ ነገ ስል ሳልነግራት ቀረሁ። ከቀብሯ በኋላ አንድ ሰባኪ ሕዝቅኤል 33፥6ን አንብቦ 'ያልነገራችሁት ሰው ደም በእጃችሁ ላይ ነው' ሲል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አሁን ለማውቀው ሰው ሁሉ እየደወልኩ ማስጠንቀቅ ጀምሬያለሁ፤ ሰዎችም እየሸሹኝ ነው። ጥቅሱ እውነት ስለ እኔ ነው የሚናገረው?"

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የጓደኛሽንም ነፍስ ይማር። መልሱን አላጓትትብሽም፦ አይደለም፣ ጥቅሱ በአንቺ ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም። ግን "አይዞሽ፣ እርሺው" ብዬሽ ብቻ ብሄድ ማታ ላይ ተመልሶ ስለሚመጣብሽ ምክንያቱን በደንብ ላስረዳሽ። ብሉይ ኪዳን ማስተማር ሥራዬ ነው። ይህን ምዕራፍ አጥብቄ እወደዋለሁ፤ ያዘነ ሰው ማስፈራሪያ ሲሆን ሳይ የምናደደውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። በራሴ አማርኛ ሳስቀምጠው እንዲህ ይላል፦ ጉበኛው (ቅጥር ላይ ቆሞ ከተማ የሚጠብቀው ሰው) ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከቱን ባይነፋ፣ ሕዝቡም ሳይጠነቀቅ ቢቀር፣ ሰይፉ መጥቶ ከመካከላቸው አንድ ሰው ቢወስድ፣ ያ ሰው በበደሉ ተወስዷል፤ ደሙን ግን ከጉበኛው እጅ እፈልገዋለሁ።

ቀስ ብለሽ አንብቢው። የተሾመ ጉበኛ አለ። በዓይኑ ያየው ሰይፍ አለ። በእጁ መለከት አለ። መንፋት እየቻለ ዝም አለ። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ደም የሚፈለገው። ከመካከላቸው አንዱ ሲጎድል ነገሩ ሌላ ነገር ይሆናል።

ጉበኛው ማን እንደሆነ ደግሞ ራሱ ምዕራፉ ቁጥር 2 ላይ ነግሮናል። የአገሩ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱን መርጠው ጉበኛ ያደርጉታል። ጎረቤት ስለሆነ፣ ወዳጅ ስለሆነ፣ ወይም ደግ ሰው ስለሆነ ጉበኛ አልተባለም። ተሹሞ ነው። ሌላው ሰው ማሳው ውስጥ የሚውለው፣ ማታም በሩን ዘግቶ የሚተኛው፣ ቅጥሩ ላይ ያ ሰው አለ ብሎ ነው። ጥፋቱ ያን ያህል የከበደውም በዚህ ነው፤ እርሱ ዝም ካለ ሌላ የሚያይ የለም።

እንዲህ ያለ ጉበኛ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሥራው ላይ ሆኖ የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ። 2 ነገሥት ምዕራፍ 9ን ክፈቺ። ኢይዝራኤል ግንብ ላይ አንድ ጉበኛ ቆሟል። ጭፍራ ሲመጣ ያይና "ጭፍራ አያለሁ" ይላል። ንጉሥ ኢዮራም ፈረሰኛ ይልካል። ጉበኛው "መልእክተኛው ደረሰባቸው፣ ግን አይመለስም" ይላል። ሁለተኛ ፈረሰኛ ይላካል፤ እርሱም አይመለስም። ያኔ ጉበኛው አነዳዱን አይቶ "የኢዩ አነዳድ ይመስላል፣ እንደ እብድ ነው የሚነዳው" ይላል። ይህን ሁሉ ሰምቶም ንጉሡ ራሱ ሰረገላውን አስነድቶ ወጣ፤ እዚያው በላዩ በተነሣው የጦር አለቃ በኢዩ ቀስት ተመትቶ ሞተ። ጉበኛውን "ለምን አጥብቀህ አልጮህክም፣ ለምን እግሩ ላይ ወድቀህ አልከለከልከውም" ያለው ማንም የለም። ያየውን ተናገረ፣ ሥራው እዚያ ላይ አበቃ።

ከሕዝቅኤል ዘመን ደግሞ በቀለም የተጻፈ ነገር ተገኝቷል። በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥንቷ የይሁዳ ከተማ በለኪሶ ፍርስራሽ ውስጥ የሸክላ ስብርባሪ ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች ወጡ። ባቢሎናውያን ይሁዳን ሲወሩ የነበሩበት ጊዜ ነው። በአንዱ ደብዳቤ ላይ ከአንድ የጥበቃ ቦታ የሚጽፍ ሰው፣ በተሰጠን ትእዛዝ መሠረት የለኪሶን ምልክት እየጠበቅን ነው፣ የዓዜቃን ግን ማየት አልቻልንም ይላል። ምልክት የሚባለው እሳት ነው፤ ኤርምያስም 6፥1 ላይ በቴቁሔ መለከት ንፉ፣ በቤትሐካሪም ላይ ምልክት አንሡ ሲል ይህንኑ አሠራር ነው የሚጠራው። ኤርምያስ 34፥7 ደግሞ ከይሁዳ የተመሸጉ ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ እንደነበሩ ይናገራል። እንግዲህ አስቢው፣ ያ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የአንድ ከተማ እሳት ሲፈልግ። ሕዝቅኤል "ጉበኛ" ሲል ሰሚዎቹ ጆሮ ላይ የሚደውለው ይህ ሥራ ነው። ትእዛዝ ያለው፣ የሚታወቅ ቦታ ያለው፣ አለቃ ያለው ሥራ።

ወደ ደሙ ልምጣ፣ ያስጨነቀሽ እርሱ ስለሆነ።

"ደሙን ከእጁ እፈልጋለሁ" የሚለው አነጋገር የሕግ ቋንቋ ነው። በእኛም አገር "ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም" እንደሚባለው ነው። የሞተው ሰው ጠያቂ አለው ማለት ነው። ግን ጥቅሱ ሁለቱን ሰዎች እንዴት እንደለያቸው ልብ በይ። የሞተው "በበደሉ" ነው የሞተው ይላል። ጉበኛው ገደለው አይልም፤ የገደለው ሰይፉ ነው። ጉበኛው የሚጠየቀው በገዛ ሥራው፣ አይቶ ዝም በማለቱ ነው። የአንዱ ዕዳ ወደ ሌላው አልተላለፈም፤ እያንዳንዱ የራሱን ነው የያዘው። ይህ ደግሞ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ላይ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶ የተከራከረለት ነገር ነው፦ አባት በልጁ ኃጢአት አይሞትም፣ ልጅም በአባቱ። ይህን የጻፈ ሰው 33 ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ገልብጦ የጓደኛሽን ሕይወት በአንቺ ትከሻ ላይ ይጭናል ብሎ ማንበብ መጽሐፉን ከራሱ ጋር ማጣላት ነው።

የኦሪት ሕግ ስለ ደም ምን ያህል ጥንቁቅ እንደሆነም ተመልከቺ። ዘዳግም 21 ላይ ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ሜዳ ላይ ቢገኝ ሽማግሌዎቹ ወጥተው በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ይለካሉ። ቅርብ የሆነችው ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር ወስደው፣ እጃቸውን በላይዋ ታጥበው፣ እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰም፣ ዓይናችንም አላየም ይላሉ። እጅና ዓይን። ሁለቱ ናቸው የሚጠየቁት። ለአንድ ሬሳ ሜዳውን የሚለካ ሕግ ጥፋተኛነትን እንዲሁ በጅምላ አያድልም።

አሁን ደግሞ ሰባኪው የዘለለው ላይ ደረስን። በእኔ እምነት የምዕራፉ ልብ ይህ ነው።

ሰይፉን የሚያመጣው ማነው? ቁጥር 2ን ተመልሰሽ አንብቢ። "እኔ ሰይፍን በምድር ላይ ባመጣ ጊዜ" ይላል፤ የሚናገረው እግዚአብሔር ነው። ቁጥር 7 ላይስ ጉበኛውን የሚሾመው ማነው? "አንተ የሰው ልጅ ሆይ፣ ለእስራኤል ቤት ጉበኛ አድርጌሃለሁ።" እዚህ ላይ ሕዝቡ የለም፤ ሹመቱ ከራሱ ከእግዚአብሔር ነው። ይህን ነገር አስተውለሽው ታውቂያለሽ? በየትኛው ጦርነት ነው ሰይፍ ይዞ የሚመጣው ራሱ በሚመጣባት ከተማ ቅጥር ላይ ጉበኛ የሚያቆመው? ጠላት ጉበኛን ያፍናል፣ ይገድላል፣ በሌሊት ይመጣል። ይህኛው ግን ከመምጣቱ በፊት ሰው ልኮ "ንፋ፣ ይስሙ፣ ይሽሹ" ይላል። ሊገድል የቆረጠ እንዲህ አያደርግም።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም፤ ቁጥር 11 ላይ በመሐላ ተነግሯል። ከዚያ በፊት ግን ቁጥር 10 አለ፤ እርሱን ስታነቢ የራስሽን ድምፅ የምትሰሚ ይመስለኛል። ሕዝቡ "በደላችንና ኃጢአታችን በላያችን ነው፣ በእርሱም እየመነመንን ነው፣ እንዴትስ በሕይወት እንኖራለን?" ይላሉ። ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ናቸው። የእግዚአብሔር መልስ "አዎ፣ ይገባችኋል" አይደለም። በሕያውነቱ ምሎ የኃጢአተኛውን ሞት አልወድም፣ ከመንገዱ ተመልሶ በሕይወት ቢኖር ነው የምወደው፤ ተመለሱ፣ ተመለሱ፣ ስለ ምን ትሞታላችሁ? ይላል። የጉበኛው ነገር የተነገረው እዚህ ለመድረስ ነው። ቁጥር 6ን አንብቦ መጽሐፉን የዘጋ ሰው መለከቱን አሰምቶ "ሽሹ ወደዚህ ነው" የሚለውን ዋጠው ማለት ነው።

ታሪኩንም ትንሽ ልንገርሽ፣ ይጠቅምሻል። ሕዝቅኤል ካህን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ናቡከደነፆር ንጉሥ ዮአኪንን ማርኮ ሲወስድ እርሱም ከተማረኩት ጋር ወደ ባቢሎን ወረደ። ኮቦር በሚባል የውኃ ቦይ አጠገብ፣ ቴልአቢብ በሚባል ቦታ ተቀመጡ። ከኢየሩሳሌም ያለው ርቀት ቀላል አይደለም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዕዝራ ያን መንገድ ለመጓዝ አራት ወር ፈጅቶበታል። እንግዲህ ይህ ጉበኛ ቅጥር የለውም። የሚጠብቃት ከተማ ከዓይኑ ርቃለች። የሚያስጠነቅቃቸው ሰዎች ደግሞ ሰይፉ አንድ ጊዜ የደረሰባቸው፣ ቤታቸውን የተዉ ምርኮኞች ናቸው። ስለዚህ ለእርሱ የተሰጠው ሥራ አድማስ ላይ አቧራ ማየት አልነበረም። ቁጥር 7 "ከአፌ ቃል ስማ፣ ከእኔም ዘንድ አስጠንቅቃቸው" ይላል። የከተማው ጉበኛ የሚሠራው በዓይኑ ነው፤ ሕዝቅኤል ግን በጆሮው። ያልሰማውን የመናገር ፈቃድ የለውም፤ የሰማውንም የመደበቅ ፈቃድ የለውም። በዚያ ላይ በምዕራፍ 3 መጨረሻ እግዚአብሔር ምላሱን ከላንቃው ጋር አጣብቆ ዲዳ እንደሚያደርገውና ሲናገረው ብቻ አፉን እንደሚከፍትለት ተጽፏል። ጉበኛውም ቢሆን ለሁሉም ሰው በሁሉም ሰዓት የሚጮህ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሐዘንሽ ጋር ስለሚገናኝ። ምዕራፍ 24 ላይ የሕዝቅኤል ሚስት በድንገት ትሞታለች። "በማለዳ ለሕዝቡ ተናገርሁ፣ ማታም ሚስቴ ሞተች" ይላል፤ ሌላ ብዙ ቃል የለውም። እግዚአብሔር "የዓይንህ አምሮት" ነው ያላት። ከዚያ በኋላ ነው ምዕራፍ 33 የሚመጣው፤ በስደቱ 12ኛው ዓመት አንድ ያመለጠ ሰው ደርሶ "ከተማይቱ ተመታች" አለው። ኢየሩሳሌም ወድቃለች። ስለ ጉበኛና ስለ ደም የሚናገረው ሰው ከቤቱ ሬሳ የወጣበት፣ ከተማውም የጠፋችበት ሰው ነው። ከሐዘን ርቆ ተቀምጦ ሐዘንተኛን የሚወቅስ ሰው አድርገሽ አትስሚው።

ደግሞ የዚያው ምዕራፍ መጨረሻ አለ። ሰዎች በየቅጥሩ ሥርና በየቤቱ ደጃፍ ስለ ሕዝቅኤል ያወራሉ፣ "ኑ እንስማው" ይባባላሉ፣ መጥተውም ፊቱ ይቀመጣሉ። የሚሰሙት ግን ድምፁ ያማረ፣ በገናም አሳምሮ የሚመታ የፍቅር ዘፈን ዘፋኝ እንደሚሰማ ነው። ሰሙ፣ ተደሰቱ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሄዱ። ሕዝቅኤል በዚህ አልተጠየቀበትም። ብትነግሪያት ጓደኛሽ ትመለስ ነበር የሚል ዋስትና ማንም ሊሰጥሽ አይችልም፤ ይህ ምዕራፍ እንኳ ለነቢዩ አልሰጠውም።

"ጳውሎስስ?" የሚልሽ ይኖራል። እውነት ነው፣ ሐዋርያት ሥራ 20፥26 ላይ ከሁላችሁ ደም ንጹሕ ነኝ ይላል፣ አነጋገሩም ከሕዝቅኤል የተወሰደ ነው። ለማን እንደተናገረው ግን እይ። ለኤፌሶን ሽማግሌዎች ነው፤ ሦስት ዓመት አብሯቸው አገልግሎ ሲሰናበት። ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎም መንፈስ ቅዱስ እናንተን ጳጳሳት አድርጎ ለሾመባት መንጋ ተጠንቀቁ ይላል። አሁንም የተሾሙ ሰዎች ናቸው። ቁጥሩን መጀመሪያ በራሱ ላይ ማንበብ ያለበት መድረክ ላይ የቆመው ነው። ኢሳይያስ 56፥10 ላይ ዕውሮች፣ መጮህ የማይችሉ ዲዳ ውሾች የተባሉት ጉበኞች የሕዝቡ መሪዎች ናቸው፤ ከቀብር የተመለሰች ሴት አይደለችም። እኔም አስተማሪ ነኝና ይህ ቁጥር ይመለከተኛል፤ በዚያ ፍርሃት ነው የምጽፍልሽ።

ታዲያ ያልተሾመ ሰው ምንም አይጠየቅም? ይጠየቃል፤ ግን የእርሱ ሕግ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዘሌዋውያን 19፥16 በባልንጀራህ ደም ላይ አትቁም ይላል። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ፣ ማለትም የሕግ ትርጓሜያቸው በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ይህን ሲያብራሩ ባልንጀራው ወንዝ ውስጥ ሲሰጥም፣ አውሬ ሲጎትተው ወይም ወንበዴ ሲመጣበት ያየ ሰው ማዳን አለበት ብለዋል። ዓይን ያየው፣ እጅ የሚደርስበት አደጋ ማለት ነው። ሰው ጠጥቶ መኪና ሊያስነሳ ሲል ብታዪ ቁልፉን ቀሚው፤ እዚያ ላይ ዝምታ የለም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 17 ደግሞ ወንድምህን በልብህ አትጥላ፣ ባልንጀራህን ገሥጸው ይላል፤ ከዚያም ቁጥር 18 ላይ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ። ተግሣጹ በመጥላት ክልከላና በፍቅር ትእዛዝ መካከል ነው የተቀመጠው። ያው ታልሙድ ሌላ ቦታ ላይ የሚሰማን ነገር መናገር ትእዛዝ እንደሆነ ሁሉ የማይሰማን ነገር አለመናገርም ትእዛዝ ነው ይላል። ጊዜውን መጠበቅ፣ ሰውየውን ማየት፣ መቼ እንደሚሰማ ማወቅ የዚህ ሕግ አካል ነው።

ፀፀትሽ ውሸት ነው አልልሽም። ልታናግሪያት ፈልገሽ እንዳትቀየምሽ ፈራሽ፤ ይህ ልብ ውስጥ የሚቀር ነገር ነው፣ በጸሎትም በንስሐም ይዘሽው ልትቀርቢ ትችያለሽ። ግን በስሙ ጥሪው። ፍርሃት ነው፤ የምትወጂውን ሰው የማጣት ፍርሃት። ደም ማፍሰስ አይደለም። ሌላም አለ። ጓደኛሽ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከፈጣሪዋ ጋር ምን እንደተነጋገረች አንቺም አታውቂም፣ ሰባኪውም አያውቅም። ከቁጥር 12 ጀምሮ ያለው ክፍል ኃጢአተኛ ከመንገዱ በተመለሰ ቀን ያለፈው ኃጢአቱ አንዱም አይታሰብበትም ይላል። መመለሷ ለሰው መታየት አለበት የሚል ቃል ግን የለውም።

ስልክ መደወሉን በተመለከተ፣ እባክሽ ለጊዜው አቁሚው። እየደወልሽ ያለሽው እነርሱ ላይ ሰይፍ ስላየሽ ሳይሆን አንቺ ራስሽ ስለፈራሽ ይመስለኛል፤ ሰው ደግሞ ይህን ቶሎ ያውቀዋል፣ የሚሸሽሽም ለዚያ ነው። ከሸሹሽ መካከል አንዷን መርጠሽ ደውዪላት፤ ማስጠንቀቂያ ሳይኖረው፣ ይቅርታ ጠይቀሽ፣ "ጓደኛዬ ሞታብኝ ተጨንቄ ነበር" በያት። ብዙዎቹ ይህን አያውቁ ይሆናል። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ለነፍስ አባትሽ ወይም ለምታምኚው አገልጋይ ብቻ አትተዪው፤ ሐኪምም ጋ ሂጂ።

ማታ ላይ ቁጥር 6 ሲመጣብሽ መጽሐፉን ክፈቺና ድምፅሽን አውጥተሽ ከቁጥር 10 እስከ 16 ድረስ አንብቢ። ቁጥር 12 እና 13 ላይ ጻድቅ ስለተባለው ሰው የሚለው ሌላ ጥያቄ ያስነሳብሽ ይሆናል፤ ከተነሳብሽ ጻፊልኝ፣ ለብቻው እመልስልሻለሁ።